ወደ 10 የተመለስኩበት ሌሊት

ኅዳር 2018 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት

ላፕቶፔን ከዊንዶውስ 11 ወደ ዊንዶውስ 10 መልሼ የጨረስኩት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ብዙም ሳልተኛ ተነሥቼ ከፈትኳት። የመጀመሪያውን መስመር ስጽፍ ፊደሎቹ ከጣቶቼ እኩል ወጡ። ከሦስት ወር በኋላ ይህን ማየት ምን ያህል እንዳስደሰተኝ ለቤተሰቤ ማስረዳት ስላቃተኝ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሥራዬ ሰነድ መተርጎም ነው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ውል፣ ውክልና፣ የትምህርት ማስረጃ፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው የሚጠየቀው ወረቀት ሁሉ በእጄ ያልፋል። ላፕቶፗ 4 ጊጋባይት ራም (የተከፈተውን ሥራ ለጊዜው የሚይዝ ማኅደር)፣ 500 ጊጋባይት የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክና ስድስተኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር አላት። ስገዛትም ያገለገለች ነበረች። ሰባት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ የከፈለችው እሷ ናት።

ታዲያ ለምን ነካካኋት? ፈርቼ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደሚያበቃ ነሐሴ ላይ ሰማሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ አዲስ ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍን አይኖርም ማለት ነው። በእኔ ማሽን ውስጥ ያለው ደግሞ የሰው አደራ ነው፤ የፓስፖርት ቅጂ አለ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ አለ፣ ሐኪም የጻፈው ወረቀት አለ። ዊንዶውስ 11 ግን ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍልና በኢንቴል በኩል ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የእኔዋ አታሟላም፤ ፍተሻው ራሱ በግልጽ ነግሮኛል። ፍተሻውን መዝለያ መንገድ እንዳለ ዘመድ አሳየኝና በገዛ ውሳኔዬ ዘለልኩት። ስለዚህ በዚህ ነገር ሥርዓቱን አልወቅስም። ለሌላ አካል የተሰፋ ልብስ ነው ያለበስኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሥራ ዝግጁ ለመሆን አምስት ደቂቃ ያህል ትፈጅ ነበር። በማሽኗ ውስጥ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን መስኮት (ታስክ ማናጀር) ስከፍተው ምንም ሳልነካ ዲስኩ 100 በመቶ ተይዟል። 4 ጊጋባይት ለዊንዶውስ 11 የተፈቀደው ዝቅተኛው መጠን ነው፤ ይነሣል፣ ግን ከመዝገበ ቃላቱ ወደ ጽሑፉ፣ ከጽሑፉ ወደ ተቃኘው ሰነድ በተመላለስኩ ቁጥር ራሙ ያልያዘውን ዲስኩ ላይ እያወረደ መልሶ ያነሣዋል። የሚሽከረከር ዲስክ ደግሞ ለዚህ ምልልስ አቅም የለውም። ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግ ያለማቋረጥ ሲንቋቋ ይሰማኝ ነበር።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሥቃይ አለ። በእኛ አጻጻፍ አንዱን ፊደል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ እንነካለን። መጀመሪያ ሳድሱ ይወጣል፤ አናባቢው ሲጨመርበት ይለወጣል። «ሰላም» ስጽፍ «ስ» ይመጣና «ሰ» ይሆናል፤ «ል» ይመጣና «ላ» ይሆናል። ማሽኑ ጤነኛ ሲሆን ይህ ለዓይን አይታይም። ሲዘገይ ግን ገጹ በሳድስ ይሞላል፤ «ስልም» የሚል ነገር ተደርድሮ ይቆይና አናባቢዎቹ ኋላ እየደረሱ አንድ በአንድ ያስተካክሉታል። አንዳንዴም አይደርሱም።

መስከረም ላይ የሆነው ይህ ነው። የባለጉዳዩን ስም አልጽፍም፤ ልዩነቱ ግን እንደ «ብርሃኔ» እና «ብርሃን» ያለ ነበር። የመጨረሻዋ አናባቢ ሳትመዘገብ ቀረች። ሁለቱም ትክክለኛ ስም ስለሆኑ ዓይኔ አልፎት ሄደ። ሰውየው ወረቀቱን ይዞ ተሰልፎ፣ ተራው ደርሶ፣ «የአባትህ ስም ከፓስፖርትህ ጋር አይገጥምም» ተብሎ ተመለሰ። ከዚያው በቀጥታ ወደ ቤቴ መጣ። አልተቆጣኝም። «እትዬ፣ አንዷን ፊደል ያስተካክሉልኝ» ብቻ አለኝ፤ የከሰረው ግን ሙሉ ቀን ነው። የዚያን ዕለት ማታ ለመመለስ ቆረጥኩ።

መመለስ ግን እንደ መሄድ አይቀልም። ዊንዶውስ 11 ከተጫነ በኋላ ባሉት 10 ቀናት ውስጥ ቢሆን ቅንብር ውስጥ ገብቶ አንዲት ቁልፍ በመንካት ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻል ነበር፤ አሮጌው ሥርዓት በአንድ አቃፊ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። እኔ እነዚያን 10 ቀናት «ትለምደዋለች» እያልኩ አሳለፍኳቸው። ከዚያ በኋላ አቃፊው ተሰርዟል፤ የቀረው መንገድ ሁሉን ጠርጎ ከባዶ መጫን ነው።

ሰፈራችን ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ አለ። «እትዬ፣ ራሟን 8 ያድርጉት፣ ዲስኩንም በማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ፣ በኤስኤስዲ፣ ይቀይሩት፤ 11ንም ትችለዋለች» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ገንዘቡ ቢኖረኝ ያን አደርግ ነበር። አሁን የለኝም። ለጊዜው 10ን እንደምመልስ ስነግረው አልተከራከረኝም። አንድ ነገር ብቻ አደራ አለኝ፤ «የዋይፋዩን ድራይቨር፣ ማለትም እሱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ አስቀድመው ፍላሽ ላይ ያውርዱ፤ ኢንተርኔት ከሌለ ሌላው ሁሉ ይቆማል።»

ሦስት ማታ የፈጀብኝ መገልበጡ ነው። ፋይሎቼን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ስገለብጥ ከዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ደንብ) ዘመን በፊት የተጻፉ ሰነዶች ያሉበት አቃፊ አገኘሁ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ በየቢሮው ደግሞ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ፊደሎች በላቲን ፊደሎች ቦታ ተተክተው ነበር የሚሠሩት። ሰነዱን ያለ ቅርጸ ፊደሉ (ያለ ፎንቱ) ብትከፍቱት የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ክምር ነው። እነዚያን አሮጌ ቅርጸ ፊደሎች ዛሬ ከየት እንደማገኝ አላውቅም። የነበሩት እዚሁ ማሽን ላይ ብቻ፣ እኔ ልጠርገው በተዘጋጀሁት ዲስክ ውስጥ ነው። ቅርጸ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየመረጥኩ ገለበጥኩ፤ ሲያልቅ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ጭኜ ሰነዱን ከፈትኩት። የ1993 ዓ.ም. የስጦታ ውል ነበር፤ የመጀመሪያው መስመር አማርኛ ሆኖ ሲመጣ ትንፋሼ ተመለሰ።

መጫኛውን ያወረድኩት ከማይክሮሶፍት ገጽ ነው፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ሌሊት ነው ያወረድኩት። 8 ጊጋባይት የሚይዝ ባዶ ፍላሽ ይፈልጋል፤ ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋው በእርግጥ ባዶ መሆኑን ሁለቴ አየሁ።

ቅዳሜ ማታ አራት ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ባትሪዋ ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ከጠፋ እሷም አብራ ትጠፋለች። በመጫን መካከል ያ ቢሆን እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ለዚህ ነው ቀን ያልሞከርኩት፤ በእኛ ሰፈር ከእኩለ ሌሊት ወዲህ መብራት እምብዛም አይጠፋም። የምርት ቁልፍ ሲጠይቀኝ «የለኝም» የሚለውን አልፌ ሄድኩ፤ ማሽኗ ቀድሞ በ10 የሠራች ስለሆነች የዊንዶውስ ፈቃዷ ከእናት ቦርዷ (ክፍሎቿ ሁሉ ከሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ጋር የተሳሰረ ነው፣ ኢንተርኔት ሲገባላት በራሷ ታውቀዋለች። ቀጥሎ የዲስኩ ክፍልፋዮች ተዘርዝረው መጡ። «አጥፋ» የሚለው ላይ ጣቴን አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ውጫዊ ዲስኩን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ማስገባቴን ዞሬ አየሁና ነካሁት።

የቀረው መጠበቅ ነበር። ሁለት ጊዜ ጠፍታ ተነሣች። ዋይፋዩን ራሷ አገኘችው፤ ፍላሹ ላይ ያኖርኩት ድራይቨር አላስፈለገም። ፈቃዱም ሳልጠየቅ ጸደቀ።

አንድ ነገር ግን ልክ አልነበረም። ሁለት ገጽ የነበረ የኪራይ ውል ስከፍት ሦስት ገጽ ሆኗል፤ የምስክሮች ፊርማ ቦታ ብቻውን ሦስተኛው ገጽ ላይ ወርዷል። የተጻፈው በኒያላ ነበር። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የመጣ የአማርኛ ቅርጸ ፊደል ነው፤ ስሙን ያገኘው ከእኛው ደጋ አጋዘን ነው፣ በባሌ ተራሮች ከሚገኘው። በዊንዶውስ 10 ላይ ግን ከዋናው ጋር አይጫንም፤ ከአማራጭ ክፍሎች ዝርዝር ውስጥ የግዕዝ ተጨማሪ ቅርጸ ፊደሎች የሚለውን መርጦ ማስገባት ያስፈልጋል። እስኪገባ ድረስ ማሽኑ በቦታው ሌላ ይተካል፤ የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ መስመሩ ይገፋል። አስገባሁት። ውሉን ዘግቼ ስከፍተው ፊርማዎቹ ወደ ሁለተኛው ገጽ ግርጌ፣ ወደ ቦታቸው ወጡ። ይህ ሲሆን ነው ስምንት ሰዓት የሞላው።

የሸሸሁት ስጋት አሁንም አለ። የተመለስኩበት ሥርዓት ድጋፉ ካበቃ ከወር በላይ ሆኖታል። ለግል ተጠቃሚዎች ግን የደኅንነት ማሻሻያው አንድ ዓመት ተራዝሟል፤ 30 ዶላር መክፈል ወይም በማይክሮሶፍት መለያ ገብቶ የማሽኑን ቅንብር ምትኬ ማኖር ይቻላል። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ፤ ዛሬ ጠዋት ከማሻሻያው ገጽ ላይ ተመዘገብኩ። የደንበኞቼን ሰነዶች ደግሞ ከእንግዲህ ላፕቶፗ ላይ አላከማችም፤ ሥራው እንዳለቀ ወደ ውጫዊው ዲስክ ይሄዳሉ፣ ዲስኩም ተነቅሎ ይቀመጣል።

የተራዘመው ጊዜ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ያበቃል። ቀኑን በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከቁልፎቹ በላይ ለጠፍኩት፤ ከሥሩ «ራም 8፣ ኤስኤስዲ» ብዬ ጨመርኩበት። ከእያንዳንዱ ሥራ ትንሽ ትንሽ ለዚያ አኖራለሁ። ለነገ ጠዋት የሚደርስ የጋብቻ ምስክር ወረቀት አለኝ፤ የሁለት ሰዎችን ስም ከነአያቶቻቸው ነው የምጽፈው።