ደመናው ሳይደርስ መዞር፦ ትንሽ አውሮፕላን በጣና ዙሪያ በክረምት

ባሕር ዳር ላይ የአውሮፕላን አደጋ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የሆነውን ነው። ቦይንግ 737 ሲነሳ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገብቶ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። በክረምት ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን የምትወድቅበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ ሞተሩም ክንፉም ደህና ሆኖ ሳለ ነው ተራራ የምትመታው።

ከአየሩ እንጀምር። ማረፊያው ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላኗ 2,700 ሜትር ላይ እንዳለች ሆና ነው የምትበረው። ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ ገና መንደርደሪያው ላይ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። ቆላ ላይ የተማረ ፓይለት ሚክስቸሩን፣ ማለትም የቤንዚንና የአየር ድርሻ ማስተካከያውን፣ ሙሉ ከፍቶ ከተነሳ ደግሞ ቤንዚኑ ለሳሳው አየር በዝቶ የቀረውንም ጉልበት ይቀንስበታል። ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ የሞተሩ ዙር ጫፍ እስኪደርስ ሚክስቸሩን ቀስ እያሉ መሳብ፣ ከዚያ ጥቂት መመለስ ነው።

በዚህ ጉልበት ወደ ላሊበላ እንሂድ ቢባል ቀጥታው መስመር በጉና ተራራ አጠገብ ያልፋል። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ ባለ አንድ ሞተሯ ሴስና 172 በፋብሪካው ስሌት እንኳ የምትወጣበት ጣሪያ ከዚያ እምብዛም አይርቅም። ስለዚህ የሚኬደው በጎን፣ ከደመናው ስር ነው። የጉማራን ወይም የርብን ወንዝ ሽቅብ የሚከተል ፓይለት መሬቱ እየተነሳበት፣ ሸለቆው እየጠበበበት፣ ደመናው እየወረደበት ይሄዳል። አደገኛው ነገር ሁሉም በዝግታ መሆኑ ነው፤ «ትንሽ ልቀጥል» የሚያሰኝ ዝግታ።

በዓይን ለሚበር ሰው ሕጉ 5 ኪሎ ሜትር እይታ ይጠይቃል፣ ከ3,050 ሜትር በላይ 8። ይህ ቁጥር ለወረቀት የተጻፈ አይደለም። በ1954 እ.ኤ.አ. ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በመሣሪያ መብረር ያልተማሩ 20 ሰዎችን ውጭው እንዳይታያቸው አድርጎ ሲፈትን ሁሉም መቆጣጠር አቃታቸው፤ በአማካይ በ178 ሰከንድ። የጆሮ ሚዛን በዝግታ የሚጀምር መዞርን አይለይም። ክንፏ እያዘነበለ፣ አፍንጫዋ እየወረደ ፓይለቱ ቀጥ ብሎ የሄደ ይመስለዋል። ፍጥነቱ ሲጨምር መሪውን ወደ ራሱ ይስባል፤ ክንፏን ሳያቃና መሳብ ደግሞ ጥምዝምዙን ያጠብቀዋል።

መዳኛው አስቀድሞ መዞር ነው፤ ለመዞር ግን ቦታ ያስፈልጋል። የፍጥነት መሣሪያው 90 ኖት (በሰዓት 167 ኪሎ ሜትር ገደማ) እያሳየ፣ ክንፉ 30 ዲግሪ አዘንብሎ የሚዞር አውሮፕላን ባሕር ጠለል ላይ 760 ሜትር ስፋት ይበቃዋል። በባሕር ዳር ሙቅ አየር ግን መሣሪያው ያንኑ ቢያሳይም እውነተኛው ፍጥነት ስለሚበልጥ አንድ ኪሎ ሜትር ይፈልጋል፣ ጉና ስር ከዚያም በላይ። አብዝቶ በማዘንበል ላጥብበው ማለት ሌላ አደጋ ይጠራል፤ 45 ዲግሪ ላይ ክንፉ ማንሳት የሚያቆምበት ፍጥነት በ19 በመቶ ያድጋል። ስለዚህ በሸለቆ መሀል መብረር ስህተት ነው፤ አንዱን ጎን ይዞ ሙሉ ስፋቱን ለመዞሪያ መተው ይገባል። የመዞሪያው ቦታም ከመነሳት በፊት ካርታው ላይ ይሰመር፣ አየር ላይ ሆኖ የሚወሰን ነገር አይደለም።

ጎንደር የሚሄድም ቢሆን ሐይቁን መሀል ለመሀል ባያቋርጥ ይመረጣል። ዝናብ ሲይዝ ውሃውና ሰማዩ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው አድማሱ ይጠፋል። በፎገራ በኩል፣ ዳርቻውን በግራ መስኮት ይዞ መሄድ ይሻላል።

ዞሮ ሲመለስም ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር አለመርሳት ነው። እርጥብ አየር ውስጥ ጋዝ ቀንሶ ሲወረድ ውጭው 20 ዲግሪ ሆኖ እንኳ ውስጡ በረዶ ይሠራል፤ የመጀመሪያው ምልክት ብዙውን ጊዜ የሞተሩ ዙር ቀስ እያለ መውረዱ ነው። የካርቡሬተሩ ማሞቂያ ጋዝ ከመቀነሱ በፊት ሙሉ ይሳብ። ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ቢንተፋተፍ የቀለጠው በረዶ እያለፈ ነውና ማሞቂያውን መልሶ መዝጋት አይገባም።