ያ ሰማያዊ ጥንድ

ዛሬ ማታ በረዶ ላይ የምንሸራተትባቸውን ስኪዎቼን ሰም ልቀባ ተነሳሁ። በረዶው ሊጀምር ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው። ሞርሳውን ጠረጴዛው ላይ አሰርኩ፣ ካውያውን አሞቅኩ፣ ከዚያ ጥንድ ጥንዱን ከግድግዳው እያነሳሁ መደርደር ጀመርኩ። ከሁሉም ጀርባ፣ ጥጉ ላይ፣ ያ ሰማያዊ ጥንድ ቆሟል። ከአስር ዓመት በላይ አልተንሸራተትኩበትም። ቤት በቀየርኩ ቁጥር ግን አብሮኝ ይጓዛል። መጣል አልሆነልኝም።

አቧራውን በጨርቅ ጠረግኩለት። አሁንም ያምራል። ፊቱ ላይ ይህ ነው የሚባል ጭረት የለም። ድሮም ልቤን የወሰደው ይሄ ቀለም ነበር። ከዚያ በፊት የምንሸራተተው በተውሶና በኪራይ ስኪ ነው። ይሄ የራሴ የምለው፣ ገና ከነፕላስቲኩ የገዛሁት የመጀመሪያ ጥንድ ነበር። የመጣ ቀን አልጋዬ አጠገብ አቁሜው ተኛሁ። እንቅልፍ ግን ከየት ይምጣ!

በማግስቱ ተራራው ላይ ወጣሁ። ቀጥ ብዬ ስወርድ ምንም አይልም። ልታጠፍ ስል ነው ጉዱ የመጣው። እግሬን አዞራለሁ፣ ስኪው እንቢ ይላል። ሐዲድ ውስጥ እንደገባ ባቡር ወደፊቱ ይነጉዳል። ኃይል ጨምሬ ስጫነው ደግሞ አንዱ ጠርዝ ድንገት በረዶውን ይነክስና አሽቀንጥሮ ይጥለኛል። እስከ ምሳ ድረስ ስወድቅ ስነሳ ዋልኩ። በኪራይ ስኪ ከሳምንት በፊት በደስታ የወረድኩት ያው ቁልቁለት ነው እኮ!

አስተማሪዬ «ክብደትሽን ወደፊት አድርጊ» አለኝ። አደረግኩ። «ጉልበትሽን እጠፊ» አለኝ። አጠፍኩ። «ፈርተሻል» አለኝ። አዎ፣ ፈርቼ ነበር። ፍርሃቱ ከስኪው የመጣ መሆኑን ግን ያኔ ማን ይነግረኛል? ዕቃው አዲስ ነው። አዲስ ዕቃ ጤነኛ ነው ብዬ ነው የማምነው። ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ሆነ።

የዚያን ጊዜ ማስታወሻ ደብተሬ አሁንም አለ። ካውያው እስኪግል ድረስ አውጥቼ አገላበጥኩት። አንዱ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ዛሬም አልታጠፍ አለኝ። እግሬ ደካማ ነው መሰለኝ።» ሌላው ላይ፦ «ሰው ሁሉ በአንድ ወቅት ይለምደዋል። እኔ ሁለተኛዬ ነው። ምናልባት ይሄ ነገር ለኔ አልተፈጠረም።» ሳነበው አንጀቴ ተላወሰ። ያቺን ልጅ ባገኛት እጇን ይዤ ወደዚህ ጠረጴዛ አመጣት ነበር።

እውነቱን ያሳዩኝ ስኪ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ናቸው። እኔ የሄድኩት ጠርዙን ላስሞርድ ነበር። ስኪውን ገልብጠው ሆዱን ወደ ላይ አድርገው አሰሩት። ሆዱ ስል በረዶውን የሚነካውን ጥቁር ፕላስቲክ፣ ፖሊኤትሊኑን ማለቴ ነው። ሞረዱን ሊያነሱ ሲሉ እጃቸው ቆመ። መዳፋቸውን ሆዱ ላይ አሳለፉ። ከዚያ ከመሳቢያቸው አጭር የብረት ማስመሪያ አውጥተው በአግድሙ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አስቀመጡት። መብራቱን ከወዲያ በኩል ዝቅ አደረጉና «ነይ፣ ጎንበስ ብለሽ እይው» አሉኝ።

ጎንበስ አልኩ። ማስመሪያው የተኛው በሁለቱ የብረት ጠርዞች ላይ ብቻ ነው። በመሃል፣ ከሥሩ፣ እንደ አዲስ ጨረቃ የቀጠነ ብርሃን ያልፋል። ማስመሪያውን ቀስ እያደረጉ ወደ አፍንጫው ገፉት። ብርሃኑ እየወፈረ ሄደ። ወደ ጭራው ሲመልሱት ቀጠነ፣ ግን አልጠፋም። ሁለተኛውን አሰሩ። እሱም እንደዚያው። የግራው ይብሳል።

«በዚህ ነው ስትንሸራተቺ የከረምሽው?» አሉኝ።

ሁለት ወቅት አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያማ እግርሽ ጠንካራ ነው» አሉ።

ከሱቃቸው ስወጣ መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። አሁንም ሳስበው እንባዬ ቅርብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስኪ ሆድ ለጥ ያለ መሆን አለበት። ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ስኪው በሁለት ጠርዞቹ ብቻ ይቆማል። ለመታጠፍ አንዱ ጠርዝ መልቀቅ፣ ሌላው መንከስ አለበት። የሰረጎደ ስኪ ግን ሁለቱንም አይለቅም። በተቃራኒው ሆዱ ወደ ውጭ ካበጠ ስኪው በራሱ ይሽከረከራል፣ የጠጠረ በረዶ ላይ ከጎን ወደ ጎን ይዋልላል። ጤነኛ ስኪ ላይ የጠርዙ የታችኛው ፊት ከሆዱ ከግማሽ እስከ 1 ዲግሪ ያህል ቀና ይላል። ስኪው ገራም የሚሆነው በዚያች ኢምንት ነገር ነው። የኔ ጉድለት የሚለካው በሚሊሜትር ቁራጭ ነበር። ሁለት ወቅት ሙሉ ያሰቃየኝ እሱ ነው።

ከየት መጣ? ስኪ እንደ ሳንድዊች ነው የሚሠራው። ከታች ሆዱና የብረት ጠርዞቹ፣ ከዚያ ፋይበርግላስ፣ መሃል ላይ እንጨት፣ አንዳንዱ ላይ ስስ የአሉሚኒየም ንጣፍ፣ እንደገና ፋይበርግላስ፣ ከላይ ያ ልብ የሚሰርቅ ፊት። ሁሉም ኤፖክሲ በሚባል ሙጫ ተለስኖ በመጭመቂያ ውስጥ በሙቀት ይጠነክራል። ኤፖክሲ ሲጠነክር ደግሞ ይኮማተራል። ውስጡ ገና ሳይረጋ ቸኩለው ሆዱን በድንጋይ ካስተካከሉት፣ ያ ለጥ ያለው ሆድ ኋላ ይሰረጉዳል። ሽማግሌው «የተቸኮለበት ሥራ ነው» ነበር ያሉት። ሌላ ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

በሚሽከረከር ድንጋይ ሞረዱልኝ። በቀጣዩ ቀን ያው ቁልቁለት ላይ ቆሜ ቁርጭምጭሚቴን ትንሽ ብቻ አዘነበልኩ። ስኪው ታጠፈ። እንዲሁ፣ ያለ ትግል! ወደ ተራራው በሚያወጣው ሊፍት ላይ ለብቻዬ «ታጠፈ እኮ፣ ታጠፈ» እያልኩ ወጣሁ። ወቅቱ ሳያልቅ ግን መልሶ ሰረጎደ። እንደገና ሞረዱት፣ እንደገና ተመለሰ። በተሞረደ ቁጥር ብረቱም ይሳሳል። የጠርዝ ውፍረት ከመጀመሪያውም 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ «ተይው፣ ልጄ» አሉኝ። ተውኩት።

ከስኪ ጓደኞቼ ጋር ስንሰባሰብ እንዲህ ያለ ታሪክ የሌለው ሰው የለም። አንዷ የስኪዋ ጭራ እርጥብ እንደነካው መጽሐፍ ተከፈተባት። ድንጋይ አልመታችም፣ አልወደቀችም። ስኪውን ስታሳየኝ ጎኑን በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ከጠርዙ ሥር ትንሽ የውሃ አረፋ ብቅ አለ። ስለቀው ተመልሶ ገባ። ሙጫው በደንብ አልያዘም፣ ውሃ ገብቷል፣ ማታ ማታ ውሃው በረዶ ሲሆን እየሰፋ ንጣፎቹን ያላቅቃል። ከዚያ ዝገቱ ይከተላል። በኤፖክሲ ሞልታ በማጣበቂያ መቆንጠጫ አሳደረችው። አንድ ወቅት ያዘላት።

የሌላው ጓደኛዬ ይለያል፣ እሱን ሳልጽፍ አላልፍም። ሙሉ ፍጥነት ላይ እያለ የእግሩ ማሰሪያ ከነብሎኖቹ ተነቅሎ ወጣ። ትከሻው ተጎዳ። «ውስጡ ስፖንጅ የሆነ ስኪ» እያለ ለዓመታት ሲረግም ኖረ። እውነት ነው፣ የስኪው ልብ ፎም ከሆነ ብሎን እንደ እንጨት አይዘውም። የሱ ግን እንጨት ነበር። ቆይቶ አንድ ሰው ቀዳዳዎቹን በጥንቃቄ አየለት። የአሉሚኒየም ንጣፍ ያለው ስኪ የሚበሳው በ4.1 ሚሊሜትር ትራፓኖ ነው። ብረት የሌለው ግን በ3.5። የሱ ስኪ ብረት የለውም፣ የተበሳው በትልቁ ነው። ብሎኑ መጀመሪያውኑ የሚነክሰው እንጨት አላገኘም። ስኪው ንጹሕ ነበር ማለት ነው። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። እኔ ራሴን በከንቱ ወቀስኩ፣ እሱ ስኪውን። የሁለታችንም ጠባሳ አንድ ነው የሚመስለኝ።

ለዚህ ነው የሃዋርድ ሄድን ታሪክ የምወደው። ሄድ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ፣ አሜሪካ ቨርሞንት ግዛት ስቶው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስኪ ሞከረ። በጣም አስቸገረው፣ አፈረም። እሱ ግን እንደኔ እግሩን አልጠረጠረም። ረጅሙንና ከባዱን የእንጨት ስኪ ነው የጠረጠረው። ሄዶ በአውሮፕላን አሠራር፣ ከአሉሚኒየም 6 ጥንድ ሠራ። መልሶ ስቶው ወስዶ ለአስተማሪዎቹ ሰጣቸው። ስድስቱም ተሰበሩ። እንደገና ሠራ፣ እንደገና ተሰበረ። ወደ 40 የሚጠጋ ንድፍ ከሞከረ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ1950 የሚይዝ ስኪ ያገኘው፦ በአሉሚኒየም መሃል የተጣበቀ ኮምፔንሳቶ፣ የብረት ጠርዝ፣ የፕላስቲክ ሆድ። ያ ሁሉ ስባሪ መጥፎ ስኪ ነው። ግን በሐቀኝነት ተሰበረ። ለሰው ሳይሸጥ፣ ሠሪው እያየው ተሰበረ። የኔው ሰማያዊ አንድ ቀን እንኳ አልተሰበረም። ብሰብረው ኖሮ ያን ጊዜ ይገባኝ ነበር።

የብረት ጠርዙም ቢሆን በአንድ ቀን አልሰመረም። ኦስትሪያዊው ሩዶልፍ ሌትነር እ.ኤ.አ. በ1926 የባለቤትነት መብት ሲያወጣለት፣ ጠርዙ እንደዛሬው አንድ ወጥ ሽቦ አልነበረም። አጫጭር የብረት ቁራጮች በብሎን እየታሰሩ ነው። ብሎን ደግሞ ይላላል። ያን ጊዜ ካቻቪቴ ሳይዙ ተራራ መውጣት ድፍረት ነበር ብዬ አስባለሁ።

አንድ ነገር ግን መለየት አለብኝ። ያልተመቸ ስኪ ሁሉ መጥፎ ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 የስሎቬኒያው ስኪ ሠሪ ኤላን ወገቡ የቀጠነውን፣ ኤስሲኤክስ የተባለውን ስኪ ከማምጣቱ በፊት ብዙው ሰው 2 ሜትር ገደማ በሚረዝም ቀጥ ያለ ስኪ ነበር የሚታገለው። በጊዜው እሱ ነው ያለው። የስኪ ተንሸራታቹ ሼን ማኮንኪ የወጠነው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ስፓቱላ የተባለ ስኪ ደግሞ ሁለቱም ጫፉ ወደ ላይ የቀና፣ ጎኑም ተገላቢጦሽ፣ ከጫፎቹ ይልቅ መሃሉ የሰፋ ነው። ጥልቅ ዱቄት በረዶ ላይ ይንሳፈፋል። የጠጠረ በረዶ ላይ ያወጣው ሰው ቢረግመው ያለ ቦታው ስላወጣው ነው። ልቤ የሚቆጣው በሌላ ነው። ለጥ ሊል ሲገባው ያልሆነ፣ ሊጣበቅ ሲገባው ያልተጣበቀ፣ ይህም እየታወቀ ወይም ሳይታይ ተጠቅልሎ የተሸጠ። ማስመሪያ አስቀምጦ ማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሰሙ ቀለጠ። ሌሎቹን ቀብቼ ጨረስኩ። ሰማያዊውን ሞርሳ ላይ አስሬ ማስመሪያዬን አስቀመጥኩበት፣ ከዚያ መብራቱን ዝቅ አደረግኩ። ያቺ ጨረቃ አሁንም አለች፣ ያው ቦታ፣ ከአፍንጫው አጠገብ ወፈር ብላ። ነፃ አውጥቼ ወደ ጥጉ መለስኩት።

ነገ ጠዋት የእህቴ ልጅ ስኪዎቿን ይዛ ትመጣለች። ባለፈው ወቅት ቁልቁለቱ መሃል ላይ ቁጭ ብላ «አክስቴ፣ እኔ አልችልበትም፣ እግሬ አይረባም» ብላኝ ነበር። ያኔ ምንም አልመለስኩላትም፣ አቅፌ ብቻ አነሳኋት። ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ፣ መብራቱም እዚያው ነው። መጀመሪያ የግራውን አስራለሁ።