ፊሽካና ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ ለምትውሉ፣ እንኳን አደረሳችሁ

ወዳጆች፣ እንኳን ለበዓሉ በሰላም አደረሳችሁ። ሰላምታው ለሁላችሁም ነው፤ አብዛኛው ቃል ግን ዛሬ ቤቱ ለማይውለው ሰው ነው፦ በወጣቶች ማኅበር በነጻ ለሚያገለግለውና ስለ ስፖርት ለሚጽፈው። በዓል ሲመጣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሜዳ ይለቀቃል፤ የታዳጊዎች ውድድርና ካምፕም ለዚያው ቀን ይቀጠራል። ሌላው ሲያርፍ እሱ ማልዶ ይወጣል። ማታ ልጆቹ ወደየቤታቸው ሲገቡ ደግሞ ዘገባው ገና መጀመሩ ነው።

ዓለም ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሁለት ቀን ሰጥቶታል። አንዱ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1985 የወሰነው የበጎ ፈቃደኞች ቀን፣ ዲሴምበር 5 ነው። ሌላው የስፖርት ጋዜጠኞች ቀን፣ ጁላይ 2፤ ዓለም አቀፉ ማኅበራቸው እ.ኤ.አ. በ1924 ፓሪስ ላይ የተመሠረተበት። ሁለቱም ቀን ሥራ ላይ እያለ ያልፍበታል።

ሁለቱ ሥራዎች ከጥንትም አልተራራቁም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1891 የስፖርት መምህሩ ጄምስ ኔይስሚዝ አሜሪካ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ በሚገኘው የወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ማሠልጠኛ 18 ተማሪዎችን ዘጠኝ በዘጠኝ ከፍሎ፣ የኮክ ቅርጫት ሰቅሎ አዲስ ጨዋታ፣ ቅርጫት ኳስን፣ አጫወተ። ውጤቱ 1 ለ 0፤ አስቆጣሪው ዊሊያም ቼዝ። ከአዳራሽ ጨዋታነት ያወጣው ግን ጽሑፍ ነው፦ 13ቱ ሕጎች በጃንዋሪ 15 ቀን 1892 ትራያንግል በተባለው የትምህርት ቤቱ ጋዜጣ ላይ ወጡ፤ ሌሎች የወወክማ ቅርንጫፎችም እያነበቡ ቅርጫት ሰቀሉ። ጨዋታው እንዲህ ተዛመተ።

የዚህ ሰው ዋና መሣሪያ የስም ዝርዝር ነው። ጠዋት ልጆችን ይቆጥርበታል፣ ከሰዓት ዘገባ ይጽፍበታል። ቆጠራው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ነው፦ ሲነሱ፣ ከጨዋታው መሀል፣ ሲመለሱ። ሁልጊዜም በስም እንጂ በራስ ቁጥር አይደለም። 22 ልጆች ሄደው 22 ሲመለሱ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ አንዱ መጸዳጃ ቤት ቀርቶ የሌላው ታናሽ ወንድም መኪናው ላይ ወጥቶ ሊሆን እንደሚችል ግን ቁጥሩ አይናገርም። ስም ተጠርቶ መልስ ሲጠፋ ወዲያው ይታወቃል።

ሜዳ ላይም ያው ነው። ታዳጊዎች ማሊያ ይዋዋሳሉ፤ በእረፍት ሰዓት 7 ቁጥር ሌላ ልጅ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ሁለተኛው አጋማሽ ሳይጀመር ከአሰልጣኙ ጋር ዝርዝሩን እንደገና ማመሳከር ያስፈልጋል። ስሙም ከወረቀቱ ብቻ አይወሰድም፤ ወረቀቱን የሞላው ሰው ቸኩሎ ነበር። ልጁ ራሱ ይጠየቅ። ገጹ በቁም መስመር ለሁለት ይከፈላል፤ በግራ ደቂቃው፣ በቀኝ የሆነው ነገር። ለጉዳት ጨዋታ ሲቆም ሰዓቱን የሚያቆም ጸሐፊ ከዚያ በኋላ የሚጽፈው ደቂቃ ሁሉ ይዛባበታል፤ ሰዓቱ እየሄደ ይቆይ። የታዳጊዎች ጨዋታ ብዙ ጊዜ ከ90 ደቂቃ ስለሚያንስ፣ «በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች» ብሎ ከመጻፍ በፊት አንዱ አጋማሽ ስንት እንደሆነ ዳኛውን መጠየቅ ነው።

ዘገባው 300 ቃል ቢሆን ይበቃል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውጤቱን፣ ቡድኖቹንና ጨዋታውን የወሰነውን ነገር ይይዛል። መካከሉን በእረፍት መጻፍ ይቻላል፤ መግቢያው ግን ፊሽካው እስኪነፋ ይቆይ። በ80ኛው ደቂቃ የተጻፈ ያማረ መግቢያ በጭማሪ ሰዓት በገባች አንዲት ግብ ሲበላሽ፣ ጸሐፊው ለመግቢያው ሳስቶ ጥገና ብቻ ያደርጋል፤ ጽሑፉም ሁለት ጨዋታ የሚተርክ ይመስላል።

ፍጹም ቅጣት ምት ያመከነው የ13 ዓመት ልጅ ስም ይጻፍ? መዝገብ ሙሉ መሆን አለበት የሚሉ አሉ። እኛ አይጻፍ እንላለን። «ቡድኑ ያገኘውን ፍጹም ቅጣት ምት አልተጠቀመበትም» ማለት ለአንባቢ ምንም አያጎድልም፤ ልጁ ግን ሰኞ ክፍል ይገባል። በገዛ መረቡ ላይ ያስቆጠረውም እንደዚሁ። ፎቶ ከወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ውጭ አይወጣም፤ ከፎቶው ጋር የልጁን ትምህርት ቤትና የልምምድ ሰዓት አብሮ ማውጣትም የት እንደሚገኝ ለማያውቁት ሰው መንገር ነው።

አስቸጋሪው ነገር የሚያገለግሉበትን ቡድን መዘገብ ነው። ከተቻለ ለሌላ ሰው መስጠት ይሻላል፤ ካልሆነ ጸሐፊው የቡድኑ በጎ ፈቃደኛ መሆኑ ከመጀመሪያው ይገለጽ። «ድንቅ»፣ «አስደማሚ» የሚሉት ቃላት በማስታወሻው ላይ ደቂቃ ከሌላቸው ይሰረዙ። ከመላክ በፊት የተሸነፈው ቡድን ወላጅ ሆኖ አንድ ጊዜ ማንበብም ብዙ ነገር ያርማል።

ስፖንሰር ከመጥፋቱ በላይ ይህን ሰው የሚያደክመው ሁሉም ነገር እሱ ዘንድ መሆኑ ነው፦ የመጋዘኑ ቁልፍ፣ የወላጆች ስልክ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ፣ የድርጅቱ ገጽ የይለፍ ቃል። እሱ አንድ ቀን ቢታመም ውድድሩ ይቆማል። ከሁሉ የሚከፋው የመጨረሻዋ ሰዓት ናት። ወላጅ ሲዘገይ አንድ ልጅና አንድ አዋቂ ብቻ ይቀራሉ፤ ደንቡ ግን ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ ይላል። ለልጁም ለአገልጋዩም ጥበቃ ነው። ሁለተኛው አዋቂ ቀድሞ ከሄደ ደንቡ ወረቀት ላይ ቀረ።

እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነት ሰው የበዓል ስጦታ የምታስቡ ካላችሁ፣ ዋንጫና የምስጋና ወረቀት አይቸግረውም። ልጃችሁን ከተባለው ሰዓት 10 ደቂቃ ቀድማችሁ ውሰዱ። ካልቸኮላችሁ ደግሞ የመጨረሻው ልጅ እስኪወሰድ አብራችሁት ቁሙ። የስልክ ዝርዝሩን ሁለተኛ ቅጂ ያዙ። ዛሬ ማታ ዘገባውን ሲልክላችሁ ስሞቹን ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሩለት፤ እሱ ከደከመው የእናንተ ዓይን ይሻላል።

መልካም በዓል!