ጉልበቴ ላይ የወደቀው ነጠላ

ቅዳሜ ነው። ቦሌ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ስልኬ ጮኸ። የጓደኛዬ አባት ሌሊት አርፈዋል። ቀብራቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ቤት ሄጄ ልቀይር ብል ቀብሩ ያልፈኛል። እንዳለሁ ተነሳሁ።

እንዳለሁ ማለት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጂንሴ ሁለቱም ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። አርጅቶ አይደለም፤ ተቀዶ ነው የተሸጠልኝ፣ ያውም ከጤነኛው በላይ ከፍዬ። ቲሸርቴ ደረቱ ላይ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል «ጉድ ቫይብስ ኦንሊ» ይላል። ጫማዬ ሶሉ ሦስት ጣት የሚሆን ነጭ ስኒከር ነው። ዕድሜዬ ሠላሳ አራት።

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሰው ኋላ ቆሜ አመለጥኩ። ድንኳኑ ውስጥ ግን ማምለጫ የለም። ሽሮ ሜዳ ነው፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ድንኳኑን ያርገበግበዋል። አግዳሚው ላይ ስቀመጥ ጂንሱ ተወጠረና ሁለቱ ጉልበቶቼ ሙሉ በሙሉ ብቅ አሉ። ንፍሮ የሚያዞረው ልጅ እንኳ መጀመሪያ ጉልበቴን አየ፣ ከዚያ ፊቴን።

ከፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ቀስ ብለው ተነሱ። የደረቡትን ነጠላ አወለቁ፣ ለሁለት አጠፉት፣ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

«ብርድ እንዳይመታህ፣ ልጄ።»

ሽሙጥ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሽሙጥ አልነበረም። ከልባቸው አዝነውልኝ ነው። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ደግሞ ደረቴን እያዩ ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመሩ። ጨርሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ጉድ የሚለውንስ አየሁት፤ የቀረው ምን ማለት ነው?»

ማታ ቁም ሳጥኔን ከፈትኩት። ውስጡ ሁለት ሰዎች ይኖራሉ። አንዱ የሃያ ሁለት ዓመት የግቢ ተማሪ ነው፤ ቅድድ ጂንስ፣ ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት፣ ኮፍያ ያለው ሹራብ። ሌላው ሃምሳ አምስት የሞላው የቢሮ ኃላፊ ነው፤ ለሠርግ ያሰፋሁት የሚያብለጨልጭ ሱፍ፣ አፍንጫው የሾለ ጫማ። ከሁለቱ መሃል ሰው የለም። የታክሲ ረዳት «ጋሼ፣ ጠጋ በሉ» ካለኝ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ቁም ሳጥኔ ግን ገና አልሰማም።

ጂንሱን ታናሽ ወንድሜ ወሰደው። «ፋዘር፣ ይመችህ» አለኝ። ፋዘር ያለኝን ለጊዜው አለፍኩት።

ከዚያ እንደማንኛውም ሰው ዩቲዩብ ላይ ገባሁ። ለሠላሳዎቹ ወንድ የሚመክሩት ብዙ ናቸው። ግማሹ የሐምሌ ምክር ነው፦ ቁምጣ፣ ስስ ሸሚዝ፣ ካልሲ የሌለው ጫማ። የእነሱ ሐምሌ ሌላ ነው። በእኛ ሐምሌ በረዶ ይወርዳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ኅዳር ላይ ጠዋት አንድ ሰዓት ጣትህ ይቆረፍዳል፣ ሰባት ሰዓት ላይ ፀሐዩ አናትህን ይበሳል፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጋቢ ያምርሃል። ይሄ ሁሉ በአንድ ቀን ነው። ስለዚህ እዚህ ሽክ ማለት የሚጀምረው ከመደራረብ ነው። ከውስጥ ምንም ያልተጻፈበት ቲሸርት፣ ከላዩ ሸሚዝ ወይም ስስ ሹራብ፣ ከዚያ ቀለል ያለ ጃኬት። ቀትር ላይ አንድ በአንድ ታወልቃለህ። ችግሩ ብዙዎቻችን የውስጡን «ማን ያየዋል» ብለን መልበሳችን ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉም ያየዋል።

ከዩቲዩቡ ሁሉ የጠቀመኝ ግን የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነው። አንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ሲንጀሩን ተክሎ የሚውል ሰው ነው። ከሰልባጅ የገዛሁትን ጃኬት ይዤለት ሄድኩ። ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ከጥቅሙ አንጻር በነጻ እንደማግኘት ነው። ልበሰው አለኝ። ለበስኩት። አውራ ጣቱን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ ስፌቱን ፈለገ። ስፌቱ ከአጥንቱ ሁለት ጣት ወርዷል።

«ጎኑን እይዝልሃለሁ። እጅጌውን አሳጥርልሃለሁ። ትከሻውን ግን ተወው፣ የሌላ ሰው ትከሻ ነው።»

ስንት ዓመት የሌላ ሰው ትከሻ ለብሼ እንደዞርኩ አሰብኩ። አሁን ሰልባጅ ተራ ስገባ ቀለምም ብራንድም ከማየቴ በፊት ትከሻውን ነው የምለካው። ቀጥሎ ሱሪዎቼን አመጣሁለት። እግራቸው ጫማዬ ላይ ተከምሮ እንደ አኮርዲዮን ይታጠፍ ነበር። አንዴ ብቻ እጥፍ እንዲል አድርጎ አሳጠራቸው፣ ዋጋውም ከሁለት ማኪያቶ ብዙ አይበልጥም። ስወጣ ቁመት የጨመርኩ መሰለኝ። ወገቡን ግን አላስጠበብኩም። ቦርጬ መጥቷል፣ እንግዳ አይደለም፤ ወገብ ላይ የሚያንቅ ሱሪ ቦርጭን አይደብቅም፣ ለሁለት ይከፍለዋል እንጂ።

ሌላ ቀን እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጬ የጂንስን ነገር አጫወትኩት። አሜሪካ ኔቫዳ ውስጥ ጃኮብ ዴቪስ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። የሠራተኞች ሱሪ ኪሱ ጥግ ላይ እየተቀደደ ቢያስቸግረው፣ ጥጉን በመዳብ ሪቬት መታው፤ ያቺ ኪስ ላይ የምትታየው ትንሽ ቁልፍ መሳይ ማለት ነው። ከነጋዴው ከሌቪ ስትራውስ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1873 የፈጠራ መብቱን አገኙ። ልብስ ሰፊዬ ደስ አለው፣ የሙያ ባልደረባው ነዋ። ከዚያ መርፌውን አቁሞ አየኝ።

«እንዳይቀደድ ብሎ የደከመበትን ቀዳችሁ ነው የምትለብሱት?»

መልስ አልነበረኝም።

ኮሌታ ያለው ቲሸርት፣ ፖሎ የምንለው፣ ለእኛ ዕድሜ የተፈጠረ ይመስለኛል። ቴኒስ ተጫዋቹ ሬኔ ላኮስት እ.ኤ.አ. በ1926 አሜሪካ ሲጫወት ረጅሙን እጅጌ ትቶ የለበሰው ዓይነት ነው። ቅጽል ስሙ አዞ ስለነበር ደረቱ ላይ አዞ አስቀመጠ። እኔ የገዛሁት ላይ ያለው ከአዞ ይልቅ እንሽላሊት ይመስላል። ፎርጂድ መሆኑን አውቄ ነው የገዛሁት፣ ግን በየሄድኩበት ዓይን እዚያችው እንስሳ ላይ ይቀራል። ምንም ያልተለጠፈበት ፖሎ ብገዛ ማንም ባልጠየቀኝ። ሁለተኛውን እንዲያ አደረግኩ።

ካኪ ሱሪም ወድጄአለሁ። ከካኪ ሸሚዝ ጋር ግን አይሆንም። አንድ ቀን ሞክሬው ሕንፃ በር ላይ ጓደኛዬን ስጠብቅ አንዲት ሴትዮ ቦርሳቸውን ከፍተው ለፍተሻ ዘረጉልኝ። ቁምጣ ደግሞ ለሐዋሳና ለቢሾፍቱ ነው፤ ከተማ ውስጥ ለብሰው የሚያምርባቸው አሉ፣ እኔ ከእነሱ አይደለሁም። ነጭ ስኒከሩን አልጣልኩትም። አዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች ላይ ደህና ይሄዳል። ወደ ሰፈር ሲታጠፉ ግን ጭቃው እንደ ጥንቱ ነው፣ ለክረምት ሊስትሮ የሚያድነው ቡኒ የቆዳ ጫማ ገዛሁ።

አሁን ቅዳሜ ከቤት ስወጣ አንድ ነገር ነው የማስበው፦ አሁን ቢደወልልኝ በዚሁ ልብስ ድንኳን እገባለሁ? በሠላሳዎቹ ውስጥ ስልኩ ይደወላል። የጓደኛ አባት፣ የሚስት አክስት፣ የዕድር ሰው። ያኔ ጃኬቱን ቆልፎ መሄድ ነው፣ ካፌ ከሆነም ከፍቶ መቀመጥ።

የጓደኛዬ አባት አርባ ሲወጣ ሄድኩ። ጥቁር ሰማያዊ ጂንስ፣ ግራጫ ፖሎ፣ ትከሻው የራሴ የሆነ ጃኬት፣ ቡኒው ጫማ። እኚያ እናት ከሩቅ አወቁኝ። ሰላም ከማለታቸው በፊት ጎንበስ ብለው ጉልበቴን አዩ፣ ቀኙንም ግራውንም።

«አሰፋኸው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ጎሽ የኔ ልጅ» አሉና አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።