ከድምሩ ያመለጠው 254,000 ዶላር

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የሕንፃ ተቋራጭ 3 ሚሊዮን ዶላር ለሚገመት ሥራ የጨረታ ዋጋውን ሎተስ የተባለው ኩባንያ በሠራው ሲምፎኒ በተባለ የስፕሬድሺት (ቁጥሮችን በረድፍና በአምድ ይዞ የሚያሰላ የኮምፒውተር ሠንጠረዥ) ፕሮግራም አዘጋጀ። የወጪ ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ረድፍ ተጨመረና የኦቨርሄዱ (የአስተዳደርና መሰል አጠቃላይ ወጪ) 254,000 ዶላር ተጻፈበት። ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ድምሩ ውስጥ ግን አልገባም። ተቋራጩ ጉድለቱን ሲያውቅ ሎተስን ከሰሰ፣ ኋላም ክሱን ተወው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወጪዎቹ ከ5ኛው እስከ 12ኛው ረድፍ ተደርድረዋል እንበል። የድምር ቀመሩ የሚይዘው ሁለቱን ጫፎች ነው። መሐል ላይ፣ 8ኛው ጋ ረድፍ ቢጨመር ቀመሩ ራሱ ተለጥጦ ከ5 እስከ 13 ይደምራል። 5ኛው ላይ ቆሞ ረድፍ መጨመር ግን ሌላ ነው፤ የቀድሞው 5ኛ ወደ 6ኛ ይወርዳል፣ ቀመሩም ተከትሎት ከ6 እስከ 13 ይሆናል። አዲሱ ረድፍ ከላይ ብቻውን ይቀራል። ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር የለም።

ጥፋቱን ሁሉ ሠራተኛው ላይ መጫን ትክክል አይመስለኝም። በወረቀት ዘመን የተረሳ ወጪ ሲገኝ የድሮው ድምር ይሰረዝና በመደመሪያ ማሽን እንደገና ይደመራል፤ ከማሽኑ የሚወጣው ጥቅልል ወረቀትም የተደመረውን እያንዳንዱን ቁጥር ያሳያል። ስፕሬድሺት ያንን ጥቅልል አስቀረው። ድምሩ ራሱን ያስተካክላል ተብሎ ስለሚታመን ማንም መልሶ አይደምርም።

መከላከያው ቀላል ነው። ከዝርዝሩ በላይና በታች የሰረዝ መስመር ይሰመርና ሁለቱም ድምሩ ውስጥ ይካተቱ። ሰረዝ ጽሑፍ ስለሆነ በድምር ዜሮ ነው፤ በመስመሮቹ መካከል የገባ ረድፍ ሁሉ ደግሞ ይደመራል። ሎተስ ላይ አማካይ ሲሰላ ግን ሰረዞቹ መውጣት ነበረባቸው፤ ጽሑፍ ያለበትንም ሴል (የሠንጠረዡን ሳጥን) ይቆጥር ስለነበር አማካዩን ዝቅ ያደርገው ነበር።

ረድፍ ከመጨመሩ በፊት ደግሞ ድምሩ ወረቀት ላይ ይጻፍ። 254,000 ከገባ ድምሩ በዚያው ልክ ማደግ አለበት። ኤክሴል ላይም ከመጀመሪያው ረድፍ በላይ የገባ ቁጥር ዛሬም ከድምሩ ውጭ ስለሚቀር፣ የጨረታው ፖስታ ከመታሸጉ በፊት ዓይን የሚያርፈው አዲስ በተጻፈው ቁጥር ላይ ሳይሆን ከታች ባለው ድምር ላይ ይሁን።