ከባድ ሰውነት ይዤ ስፖርት ስጀምር የተማርኩት

ስፖርት መሥራት ስጀምር ክብደቴ ከ130 ኪሎ በላይ ነበር። የሰውነት ክብደት በኪሎ ተወስዶ ለቁመት በሜትር ካሬ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር 30 ሲደርስ ሐኪሞች ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይሉታል፤ የእኔ ቁጥር ደግሞ የመጨረሻው ደረጃ የሚጀምርበትን 40ን አልፎ ነበር። የአንድ ፎቅ ደረጃ ለመውጣት መሀል ላይ መደገፊያውን ይዤ ማረፍ ግድ ይለኝ ነበር። የጫማ ማሰሪያ ለማሰር ጎንበስ ስል ሆዴ ወደ ላይ ስለሚገፋኝ ትንፋሼን ይዤ በፍጥነት አስሬ ቀና እል ነበር። ስለ ስፖርት የሚሰጠው አብዛኛው ምክር ከዚህ ሁኔታ የሚነሳውን ሰው አያስብም። ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ማንም ሊጀምረው የሚችል ቀላል ነገር ተደርጎ ይቀርባል፤ ለእኔ ግን ያ ከብዙ ወራት በኋላ የደረስኩበት እንጂ የተነሣሁበት አልነበረም። ስለዚህ የምጽፈው ከዚያ በታች ስላለው ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። የደም ግፊቴና የደሜ ስኳር ተለካ፤ ልቤ ተመረመረ፤ ስተኛ አንኮራፍቼ ትንፋሽ የሚቆራረጥብኝ እንደሆነም ተጠየቅሁ። ከዚያ ቀን ይዤው የወጣሁት ዋናው ነገር መቼ ማቆም እንዳለብኝ ማወቅ ነው፤ ደረት ላይ የሚጫን ወይም ወደ ክንድና መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም፣ ማዞር፣ የልብ ምት መዛባት፣ ከድካሙ ጋር የማይመጣጠን የትንፋሽ እጥረት ከታየ ወዲያውኑ ቆሞ እርዳታ መጠየቅ እንጂ ትንሽ ልታገሠው ማለት አይገባም። ኢንሱሊን ወይም የደም ስኳርን የሚያወርዱ አንዳንድ ኪኒኖች የሚወስድ ሰው በእንቅስቃሴ ጊዜ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድበት ስለሚችል የመድኃኒቱን መጠን አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ሊነጋገርበት ይገባል። ቤታ ብሎከር የሚባሉትን የግፊትና የልብ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ደግሞ መድኃኒቱ የልብን ምት ስለሚያዘገየው የድካሙን ልክ በልብ ምት ቁጥር ሊያውቀው አይችልም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ምን ያህል ልሥራ የሚለው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራም ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን እንዲጨምርበት ይመክራል። ቁጥሩን ብቻ ላነበበ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነው። ነገር ግን ያው መመሪያ ጥቂት መንቀሳቀስ ጨርሶ ካለመንቀሳቀስ እንደሚሻል በግልጽ ይናገራል፤ እ.ኤ.አ. የ2010ሩ መመሪያ እንቅስቃሴው ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ መቆየት አለበት ይል የነበረውንም ትቶታል። ይህ ለእኔ ትልቅ በር ከፈተልኝ። አምስት ደቂቃ ሄዶ ቤት መግባት ዋጋ ያለው ሥራ ነው ማለት ነው፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደረገም ይደመራል።

በደልዳላ መንገድ ላይ አጭር ጉዞ በማድረግ ጀመርኩ፤ መለኪያዬም ሁለት ብቻ ነበር። አንደኛው፣ ስጨርስ ትንሽ ብጨምር እችል ነበር የሚል ስሜት ይዤ መግባቴ ነው። ሁለተኛውና የሚበልጠው፣ በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ጉልበቴ፣ ቁርጭምጭሚቴና ወገቤ ከትናንቱ የባሰ ሕመም አለማሰማታቸው ነው። ማግስቱ ደህና ከሆነ ያንኑ እደግመዋለሁ፤ ለተወሰነ ጊዜ ደህና ሆኖ ከቀጠለ ሁለት ደቂቃ እጨምራለሁ፤ ሕመም ካለ እቀንሳለሁ፣ ግን ፈጽሞ አልተውም። ርቀትም ፍጥነትም በአንድ ላይ አልጨምርም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ፍጥነትን ጨርሶ አልነካሁትም።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ ለሚለኝ፣ መልሱ ያለው የሰውነት ክፍሎች እኩል የማይጠነክሩ በመሆናቸው ላይ ነው። ልብ፣ ሳንባና ጡንቻ ለአዲስ ሥራ ቶሎ ይለምዳሉ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትንፋሽ ሲረዝም ይታወቃል። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ከባድ ሰው ደግሞ ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ ሲኖር የእግሩ ጡንቻ አንጻራዊ ብርታት ስለሚኖረው፣ ትንፋሹ ትንሽ ሲሻሻልለት ብዙ መሥራት የሚችል ይመስለዋል፤ ጅማቱ የሚጎዳውም በዚህ ጊዜ ነው። በተራ አካሄድ እንኳ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሰውነት ክብደት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ፣ የጉልበት መገጣጠሚያ መበላት ባለባቸው ወፍራም አዛውንቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ አንድ ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ነገሩ በሁለቱም በኩል ይሠራል፤ ገና ኪሎው ሳይቀንስ ጉልበቱን ማጣደፍ አደጋ ነው፣ የሚቀንሰው ጥቂት ኪሎ ደግሞ ለጉልበት ታላቅ ዕረፍት ነው። ከባድ ጀማሪን በመጀመሪያው ቀን ገመድ የሚያዘልሉ ወይም ተነሥ ውደቅ የሚያሠሩ አሠልጣኞችን ስመለከት ከልቤ አዝናለሁ፤ ያ ሰው በማግስቱ ሳይመጣ ሲቀር ስንፍናው ነው ይባላል፣ ያስቀረው ግን ሕመሙ ነው።

የድካሙን ልክ የማውቀው በንግግር ነበር። እየሄድኩ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር እየቻልኩ መዝፈን ግን ካቃተኝ፣ ልኩ ያ ነው፤ ሁለት ቃል ተናግሬ ትንፋሽ መሳብ ካስፈለገኝ በዝቷል ማለት ነው። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጉናር ቦርግ ሰው የድካሙን መጠን በራሱ ስሜት የሚመዝንበት ከ6 እስከ 20 የሚቆጠር መለኪያ አዘጋጅቷል፤ በዚያ መለኪያ 12 እና 13 አካባቢ ያለው «ጠንከር ይላል፣ ግን መቀጠል እችላለሁ» የሚባለው ስሜት ነው። ለከባድ ሰው ይህ ልክ በዝግታ አካሄድ ላይ ሊገኝ ይችላል። አጠገቤ የሚያልፈው ቀጭን ሰው እየተንሸራሸረ ሲሆን እኔ በዚያው ፍጥነት እውነተኛ ስፖርት እየሠራሁ ነበር፤ ልቤ የሚያውቀው ድካሙን እንጂ ፍጥነቱን አይደለምና።

ከመራመድ ይልቅ ሕይወቴን ቶሎ የለወጠው ግን ቁጭ ብድግ ነው። ወለል ድረስ መውረድ ስለማልችል በወንበር ነው የጀመርኩት። ወንበሩን እንዳይንሸራተት ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ መቀመጫው ከፍ እንዲል ወፍራም ትራስ አስቀምጥበታለሁ። ጫፉ ላይ ተቀምጬ እግሮቼን በትከሻዬ ስፋት ከፍቼ ተረከዜን ከጉልበቴ ትንሽ ወደ ኋላ እሰበስባለሁ፤ ደረቴን አፍንጫዬ ከእግሬ አውራ ጣቶች በላይ እስኪሆን ድረስ ወደ ፊት አዘነብላለሁ፤ ከዚያ በሁለት ተረከዜ ወለሉን እየገፋሁ፣ ትንፋሼን እያወጣሁ እነሣለሁ። ስቀመጥ እንደ ጆንያ ዝርግፍ ማለት የለም፤ በልቤ እስከ ሦስት እየቆጠርኩ እወርዳለሁ፤ ጡንቻውን ይበልጥ የሚያጠነክረው ይህ ቀስ ያለ መውረድ ነው። መጀመሪያ በእጄ ጭኔን እደገፍ ነበር፣ ቀጥሎ እጄን ደረቴ ላይ አጣመርኩ፣ ቀጥሎ ትራሱ ቀረ። ከዚህ ጋር ግድግዳ ላይ በእጅ ተደግፎ መግፋትን ጨመርኩ፤ ሲቀለኝ ከግድግዳ ወደ ጠንካራ ጠረጴዛ ወረድኩ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመካከሉ ዕረፍት እያደረግሁ። ደረጃው መሀል ላይ ማረፍ የተውኩት ሚዛኑ ይህ ነው የሚባል ለውጥ ከማሳየቱ በፊት ነው።

ሁለት ዓይነት ሕመም መኖሩንም በዚሁ ጊዜ ለየሁ። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ጭን ላይ ሰፋ ብሎ የሚሰማ፣ በሁለቱም እግር እኩል የሆነ፣ ሲንቀሳቀሱ እየላላ የሚሄድ መወጣጠር ጡንቻው አዲስ ሥራ የማግኘቱ ምልክት ነው፤ አያስፈራም። መገጣጠሚያ ላይ በአንድ ጣት ሊጠቆም የሚችል፣ በአንድ ወገን ብቻ የሆነ፣ ሲንቀሳቀሱበት የሚብስ ወይም ከእብጠት ጋር የመጣ ሕመም ግን ሥራው እንዲቀነስ፣ ካልተሻለም ሐኪም እንዲያየው ይጠይቃል።

በመሀል ተረከዜን አመመኝ። ጠዋት ከአልጋ ወርጄ የመጀመሪያውን እርምጃ ስረግጥ ሚስማር የተወጋ ያህል ይሰማኛል፤ ጥቂት ስሄድበት ይቀላል፤ ለረጅም ጊዜ ተቀምጬ ስነሣ ይመለሳል። በውስጥ እግር በኩል ከተረከዝ ወደ ጣቶች የተዘረጋው ጠንካራ ሽፋን ሲቆጣ የሚመጣ ሕመም ሲሆን፣ በከባድ ሰዎች ላይ ይበዛል። የእግር ጉዞውን በግማሽ ቀነስኩና የቀረውን ሰዓት በቋሚ ብስክሌት ተካሁት። ባቴንና ውስጥ እግሬን ከአልጋ ሳልወርድ በፊት አፍታታለሁ፤ ማታ ውኃ ሞልቶ በረዶ የሆነ ጠርሙስ መሬት ላይ አድርጌ በእግሬ አንከባልላለሁ፤ በቤት ውስጥም በባዶ እግር ጠንካራ ወለል ላይ አልሄድም። ለመዳን ብዙ ሳምንታት ወሰደ፤ ቶሎ ይድናል ብሎ ማንንም ማባበል አልፈልግም። ሌላ ዓይነት እንቅስቃሴ ባይኖረኝ ኖሮ ግን ያ ጊዜ ሁሉንም ነገር ሊያስተወኝ ይችል ነበር።

የውኃ ገንዳ ለሚያገኝ ሰው ከዚህም የተሻለ አማራጭ ነው። ወገብ ድረስ ውኃ ውስጥ ሲቆሙ እግር የሚሸከመው የክብደቱን ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ ደረት ድረስ ሲሆን ከዚያም በጣም ያንሳል። ዋና መቻልም አያስፈልግም፤ ጥልቀት በሌለው በኩል ወዲያና ወዲህ መራመድ ይበቃል።

ማንም የማያነሣቸው ነገር ግን ሰውን ከመንገድ የሚመልሱ ጉዳዮችም አሉ። ጭንና ጭን ተፋትጎ ይላጣል፤ ከመውጣት በፊት ቫዝሊን መቀባትና ጭን የሚሸፍን ጠበቅ ያለ ቁምጣ ከውስጥ መልበስ ይከላከለዋል። ጥጥ ላብ ይዞ ስለሚቆይ መላላጡን ያብሰዋል። እግር ከዋለበት ያብጣልና ጫማ ማታ ላይ ቢለካ ይሻላል፤ ስፋቱም ከውበቱ መቅደም አለበት።

ሰው ያየኛል የሚለው ፍርሃት እውነተኛ ፍርሃት ነው። መንገድ ላይ ቃል የወረወሩብኝ ሰዎች አሉ፤ እስከ ዛሬ አስታውሳቸዋለሁ። የረዳኝ በእኔ ፍጥነት ለመሄድ የፈቀደ፣ አንድ ቀን እንኳ «ቶሎ ቶሎ በል» ያላለኝ ወዳጅ ማግኘቴ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለው መንገዱ ጭር የሚልበትን ሰዓት ይምረጥ፣ ወይም ቤቱ ውስጥ ይጀምር፤ በዚህ የሚያፍርበት ምንም ነገር የለም።

ስለ ክብደት የሚነገረው ተስፋ ግን ልክ ሊበጅለት ይገባል። 130 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲራመድ የሚያቃጥለው ወደ 100 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ይህ በጥቂት ጉርሻ የሚተካ ነው። አመጋገብ ሳይስተካከል በእንቅስቃሴ ብቻ ብዙ ኪሎ መቀነስ ከባድ ነው፤ እንዲያውም በመጀመሪያው ሰሞን ጡንቻ ውኃ ስለሚይዝ ሚዛኑ ከፍ ሊል ይችላል። ሆኖም የሚሠራ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል፤ ይህ ጥቅም ከእንቅስቃሴው በኋላ አንድ ወይም ሁለት ቀን ያህል ስለሚቆይ፣ ሳልሠራ ከሁለት ቀን በላይ አለማሳለፍን ልማድ አደረግሁ። የደም ግፊትም፣ እንቅልፍም፣ መንፈስም ኪሎው ሳይነቃነቅ ይሻሻላሉ። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባለው ብሪታንያዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚውሉት የለንደን አውቶቡስ ሾፌሮች ይልቅ ባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች በልብ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ እነዚያ ሰዎች ሥራቸውን ሠሩ እንጂ ስፖርት ብለው የያዙት ነገር አልነበረም። ስለዚህ ሚዛን ላይ መውጣቴን አሳንሼ የጠዋት የደም ግፊቴን፣ የወገቤን ዙሪያና ያችኑ ደረጃ ስወጣ የሚሰማኝን ድካም መመዝገብ ጀመርኩ።

ጉንፋን ወይም ሌላ ሕመም አስተኝቶኝ ስመለስ ካቆምኩበት አልቀጥልም፤ በግማሹ ጀምሬ በማግስቱ ጠዋት የጉልበቴን ሁኔታ አያለሁ። ዛሬም ክብደቴ ከ100 ኪሎ በላይ ነው፤ ሩጫ አልሞከርኩም፣ ለጊዜውም አላሰብኩትም። ዳገት ያለበትን መንገድ ግን ይዣለሁ፤ ቁጭ ብድጉንም ካለ ወንበር፣ በሁለት እጄ ሁለት ሁለት ኪሎ ይዤ እሠራለሁ።