ተረቴን መልሱ

አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ውስጥ በአንድ የሕፃናት መዋያ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። በየዓመቱ ጁላይ ላይ ናይዶክ የሚሉት ሳምንት አለ፤ የአገሬው ነባር ሕዝብ ባህል የሚከበርበት ነው። አንድ ዓመት ኃላፊያችን «ለልጆቹ አጭር ተረት የሚጽፍ ማነው?» ስትል ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ተረት ምን ይከብዳል? አያቴ በተረት አይደል ያሳደገችኝ!

በአንድ ሌሊት ጨረስኩት። አንድ ልጅ ከአባቱ ጋር ኡሉሩ የሚባለው ትልቁ ቀይ አለት ላይ ይወጣል። ከፍታው 348 ሜትር ነው፤ ልጁ ጀግና ነው በቃ። ለአያቱም አንዲት ቀይ ጠጠር በኪሱ ይዞ ይመለሳል። መሃል ላይ አለቱ እንዴት እንደተፈጠረ ከራሴ አምጥቼ ጨመርኩበት። እውነት ለመናገር በጣም የኮራሁት በዚህች ክፍል ነበር።

በሳምንት አንዴ ልጆቹን ለማጫወት የሚመጡ አቦርጂናል፣ ማለትም ከነባሩ ሕዝብ የሆኑ፣ እናት አሉ። ሁሉም «አንቲ» ነው የሚላቸው፤ እኛ እትዬ እንደምንለው። ጽሑፉን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት። ሻያቸው ቀዘቀዘ።

«ይሄን ታሪክ ማን ሰጠሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ የፈጠርኩት።»

«እሱ ነዋ ችግሩ።»

እነሱ ዘንድ ስለ አንድ ቦታ የሚነገር ታሪክ ባለቤት አለው። ለወንድ ብቻ የሚነገር አለ፣ ለሴት ብቻ የሚነገርም አለ። የኡሉሩ ባለቤቶች አናንጉ የሚባሉት የዚያ አካባቢ ነባር ሰዎች ናቸው። «እኔ የዚያ አገር ሰው አይደለሁም፤ ልፍቀድልሽ ብልም አልችልም» አሉኝ። መሬቱ በ1985 እ.ኤ.አ. ተመልሶላቸዋል። «እባካችሁ አትውጡበት» እያሉ ሲለምኑ ኖረው፣ መውጣት የተከለከለው ግን በ2019 ነው። እኔ ደግሞ ልጁን አናቱ ላይ አቁሜዋለሁ! ቅዱስ ቦታ መሆኑን ሳልሰማ ቀርቼ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማዬን የማወልቅ ሰው ነኝ። ቱሪስት መጋረጃ ገልጦ መቅደስ ልግባ ቢል ቀድማ የምትጮኸው እኔ ነኝ።

ጠጠሯ ላይ ሲደርሱ አንቲ ሳቁ። ከኡሉሩ ድንጋይ የወሰዱ ሰዎች፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ከባሕር ማዶ ሳይቀር፣ የይቅርታ ደብዳቤ ጨምረው አለቱ ወዳለበት ፓርክ በፖስታ ይመልሳሉ አሉ። «የይቅርታ ድንጋይ» የሚል ስም ሁሉ ወጥቶላቸዋል።

ያቺን የምኮራባትን ክፍል እያንገበገበኝ ሰረዝኳት። መውጣቱም ቀረ። በአዲሱ ተረት ልጁ የአያቱ መሳቢያ ውስጥ ቀይ ጠጠር ያገኛል፤ አያትየው በወጣትነታቸው ያመጡት ነው። ሁለቱ ወጥ ቤት ቁጭ ብለው ደብዳቤ ይጽፋሉ።

ለልጆቹ አንብቤ ስጨርስ አፌ ለምዶበት «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» አልኩ፣ በአማርኛ። አንቲ ትርጉሙን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ተረቴን መልሱ?» አሉ፣ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው።

ሳልመልስላቸው ከፊት የተቀመጠ የአራት ዓመት ልጅ እጁን አወጣ። «ለፖስታው ማን ከፈለ?»

«አያቱ» አልኩት። ይህቺን እንኳ ከራሴ ነው የጨመርኳት።